ሃል ያልተጠየቀው ዋሽዲል

ዋሽዲል መንገዱን እንደ ገዛ ግቢው ያውቀዋል። ከሶንሚያኒ ተነሥቶ ባሕሩን በግራ ይዞ እስከ ጂዋኒ የሚዘልቀው አስፋልት የት ላይ እንደሚጎረብጥ፣ አሸዋ የት ላይ እንደሚያለብሰው፣ የትኛው ሻይ ቤት ወተቱን በውኃ እንደሚያቀጥን ዓይኑን ጨፍኖ ይናገራል። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ የካራቺ ቤተሰቦችን በነጭ ፒካፑ እየጫነ ባሕር ዳር ሲያሳድር ኖሯል። ድንኳን ይተክላል፣ ዓሣ ይጠብሳል፣ አሸዋ ውስጥ ከመግባቱ በፊት ጎማ ያስተነፍሳል፣ ማዕበል የፈራ ልጅ ያባብላል። በመንገዱ ላይ ያለ ሰው ሁሉ፣ ከወታደሩ እስከ ነዳጅ ሻጩ፣ «ናኮ» ብሎ ነው የሚጠራው፤ አጎቴ እንደ ማለት ነው።

ድንኳን መትከሉንስ ሌላውም ያውቅበታል። ዋሽዲልን ደንበኞቹ የሚወዱት በወሬው ነው። ቡዚ መተላለፊያ ላይ ነፋስ ጠርቦት ረጅም ቀሚስ የለበሰች ሴት የመሰለ ድንጋይ አለ። ዋሽዲል ለሙሽሮች «ባሏን ከባሕር ስትጠብቅ ደርቃ የቀረች ናት» ይላል። ለአሮጊቶች ሲሆን ልጇን፣ ለሕፃናት ደግሞ ውሻዋን ትጠብቃለች። የነብሩ ነገርማ አይወራ። ከዛሬ አሥራ ዘጠኝ ዓመት በፊት ሂንጎል ሸለቆ ውስጥ የአንድ እንስሳ ጅራት ቁጥቋጦ ውስጥ ሲገባ አይቷል። የቀበሮም ሊሆን ይችላል። ያ ጅራት ግን ከዓመት ዓመት እየረዘመ፣ ነጠብጣብ እያወጣ ሄዶ፣ በመጨረሻ ሙሉ ነብር ሆኖ «ባለፈው ማክሰኞ እዚችው ጋ» መታየት ጀመረ።

በሰፈሩ ግን ዋሽዲል እንዲህ አያወራም። በወገኖቹ በባሉቾች ዘንድ ከመንገድ የመጣ ሰው ምንጣፍ ላይ ይቀመጣል፣ ውኃ ይጠጣል፣ ተምር ይቀምሳል። ከዚያ ባለቤቱ «ሃል» ይለዋል። አንዲት ቃል ናት። እንግዳውም ከደጃፉ ከወጣበት ጀምሮ ያየውን ይናገራል፤ ዝናቡን፣ ሣሩን፣ የዓሣውን ነገር፣ ማን እንደ ወለደ፣ ማን እንደ ሞተ፣ የማን ግመል እንደ ጠፋች። አይጨምርም፣ አያጎድልም። ሲጨርስ «ሌላው ደኅና» ይላል፤ ያን ጊዜ ሃሉ ተዘጋ። ከተዘጋ በኋላ የቀረ ነገር ቢገኝ ሰውየው ዋሽቷል ማለት ነው።

ዋሽዲል በዕድሜው አንድ ጊዜ ብቻ ሃል አበላሽቷል። ያቺ አንዷ ግን አሥራ አንድ ዓመት እንደ ዓሣ አጥንት ጉሮሮው ውስጥ ተሰንቅራ ኖራለች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሚስቱን ማህላብንና ወንድሟን ሳብዛልን ወላጆቻቸው ስለ ሞቱባቸው ያሳደጓቸው አጎታቸው ላል ባክሽ ነበሩ። ሽማግሌው ያረፉት ሶንሚያኒ፣ ዋሽዲል ቤት ነው። ሳብዛል በዚያው ሳምንት ጂዋኒ ላይ አዲስ ጀልባውን ሊያስመርቅ ደግሶ ነበርና ስልኩም አልተገኘ። ላል ባክሽ ነፍሳቸው ሳትወጣ ዋሽዲልን ወደ አፋቸው ጠጋ አድርገው አንድ ቃል ሰጡት። «ከማንም በፊት ለሳብዛል፣ በአፍህ፤ አደራ» አሉት። ቀበሯቸው፤ ዋሽዲልም መኪናውን አስነሥቶ በማግስቱ ጂዋኒ ደረሰ። ከበሮ ይመታል። አርባ ሰው ክብ ሠርቶ ይጨፍራል። ሳብዛል መሐል ላይ ሆኖ ላቡ በፂሙ ይንጠባጠባል፤ ፊቱ በርቷል። ከበሮው ጋብ አለ፣ ውኃ መጣ፣ ተምር መጣ፣ «ሃል» ተባለ።

ዋሽዲል ዝናቡን ተናገረ፣ የዓሣውን ነገር ተናገረ። ከዚያ ያንን ፊት ቀና ብሎ አየ። ጭፈራው ሲያበቃ ለብቻው እነግረዋለሁ ብሎ «ሌላው ደኅና» አለ።

ከሰዓት በኋላ ደረቅ ዓሣ የሚጭን ሾፌር ከሶንሚያኒ ደረሰ። ሃል ተጠየቀ። አፉን ሲከፍት «ላል ባክሽን ቀበርን» ብሎ ጀመረ።

ሳብዛል አልተሳደበም፣ አልተማታም። አርባ ሰው ፊት አጎቱ መቃብር ላይ የጨፈረ ሰው ሆኖ ቀረ፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ዋሽዲልን ሃል ጠይቆት አያውቅም። ዋሽዲል ከዚያ ወዲህ ሁለት ጊዜ ሄዷል። ምንጣፍ ተነጠፈለት፣ ውኃ ተሰጠው፣ ተምር ቀረበለት፣ ዓሣ ሳይቀር ተጠበሰለት። ያቺ ቃል ግን አልመጣችም። ሳይጠየቁ ሃል መስጠት ደግሞ ሳይጠሩ ማዕድ ላይ መቀመጥ ነው። ስለዚህ የሟቹ አደራ አሁንም ያለው ዋሽዲል አፍ ውስጥ ነው። ለማህላብ እንኳ አልነገራትም። አደራ እንዳለበት ታውቃለች፤ ምን እንደሆነ አታውቅም።

ዘንድሮ በኅዳር የአንድ ሐኪም ቤተሰብ ከካራቺ ሊመጣ ተቀጣጥሮ ነበር። ፒካፑ ተጭኖ አልቋል፤ ድንኳኑ፣ በረዶ ውስጥ የተኛው ዓሣ፣ ሩዙ፣ ዱቄቱ፣ የውኃው በርሜል።

«የሐኪሙን ልጅ ጆሮ ደግፍ ይዞታል፤ አንመጣም አሉ» አለ ዋሽዲል ስልኩን ኪሱ እየከተተ።

ማህላብ ከጥልፏ ቀና አላለችም። «በዚህ መኪና ስንት ሴት ወስደህ ባሕር ዳር አሳድረሃል?»

«ኧረ ምን ትያለሽ አንቺ ሴት! ቤተሰብ ነው የምወስደው።»

«ቤተሰብ ውስጥ ሴት የለም?»

«አለ እንጂ…»

«እነሱ መሐል እኔ አለሁ?»

ዋሽዲል ጆሮውን አከከ። ማህላብ ጥልፏን ጠቀለለችና ተነሣች። «ልብሴን እስክይዝ መኪናውን አስነሳ። ዓሣው ለድመት ነው የተገዛው?»

የመጀመሪያው ኬላ ላይ ወጣቱ ወታደር ፈገግ ብሎ መጣ። «ናኮ፣ ቱሪስቶቹስ?»

«ዛሬ ቱሪስቷ እሷ ናት።»

ወታደሩ ጎንበስ ብሎ አየ። «ማን ናቸው?»

«ሚስቴ ናት። ባሕር ዳር ላዝናናት።»

የወታደሩ ፈገግታ ጠፋ። «ሚስትዎን? ሊያዝናኑ?» አለና ወደ ኋላ ዞሮ ጭነቱን አየ። «ናኮ፣ ስለ አላህ፣ እውነቱን ይንገሩኝ፤ ምንድን ነው የጫኑት?»

ድንኳኑን አስወርዶ ፈታ፤ ሩዙ ውስጥ ክንዱን እስከ ክርኑ ከተተ። እንደገና ጭነው ሲነሡ ማህላብ ለረጅም ጊዜ ሳቀች። «ሚስትህን ሠላሳ ዓመት ሳታወጣት ቆይተህ ብታወጣት ኮንትሮባንድ ሆነች» አለች።

ሂንጎል ወንዝ ድልድይ ሥር አንድ አዞ ጭቃው ላይ አፉን ከፍቶ ተኝቶ ነበር። ዋሽዲል መኪናውን አቆመና ጉሮሮውን ጠራረገ። «ይህ አዞ መቶ ሃያ ዓመቱ ነው። በእንግሊዞቹ ጊዜ አንድ የጦር አለቃ…»

«ማን ነገረህ?»

«ምኑን?»

«መቶ ሃያነቱን። ልደቱን አብራችሁ ታከብራላችሁ?»

ዋሽዲል አፉን ዘጋ። ያልተለመደ ነገር ነው፤ እዚያ ድልድይ ላይ ዝም ብሎ ቆሞ አያውቅም። ዝም ሲል የወንዙ ድምፅ ተሰማው። ማህላብ ክንዱን ነካች አደረገችውና በአገጯ ወደ ገደሉ አመለከተች። ከዓለቱ ጫፍ ላይ ቀንዳቸው ወደ ኋላ የተቆለመመ የተራራ ፍየሎች ቆመዋል፤ የዋልያ ዘመዶች። ከእናቷ እግር ሥር አንዲት ግልገል ዘላ ትወርዳለች፣ ዘላ ትወጣለች። ዋሽዲል ለሺህ ሰው አሳይቷቸዋል። ግልገሏ ስትዘል አራቱንም እግሯን በአንድ ላይ እንደምትሰበስብ ግን ያየው ገና ዛሬ ነው።

ኩንድ ማሊር ላይ አደሩ። አሸዋ የድንኳን ካስማ አይዝም፤ ዋሽዲል ባዶ ጆንያዎች አሸዋ ሞልቶ ገመዱን አሰረባቸውና ጉድጓድ ቆፍሮ ቀበራቸው። ማህላብ ሊጡን በጋለ ድንጋይ ላይ ጠቅልላ ቢርኩታ ጋገረች። ፀሐይዋ ስትጠልቅ ዓሣውን በእጃቸው እየቆረሱ በሉ። ማህላብ እግሯን ማዕበሉ እስኪነካት ዘረጋችው።

«ደስ ይላል» አለች። «ነገ እንቀጥላለን።»

«እስከ የት?»

«እስከ ጂዋኒ።»

ዋሽዲል የያዘውን ቁራሽ መልሶ አስቀመጠ። «ወንድምሽ አይጠይቀኝም።»

«ቢጠይቅህስ? ምን ብለህ ልትጀምር ነው? እስቲ እኔ ሳብዛል ነኝ።» ቀና ብላ ተቀመጠች፣ ድምፅዋን አጎረነነች። «ሃል።»

ዋሽዲል ተደላደለ። «ከቤት ስንወጣ ሰማዩ እንደ ዝሆን ጠቁሮ፣ ዝናቡ እንደ ገመድ…»

«ጠብታ አልወረደም።»

«ለመግቢያ ያህል እኮ ነው!»

«ሃል መግቢያ የለውም» አለች። ከዚያ ድምፅዋ ለሰለሰ። «አንተ ሰውዬ፣ ይህ ሥራ አፍህን አበላሽቶታል። እውነት ስትናገር እንኳ ጨው ትጨምርበታለህ። ሳብዛል በዚህ አፍ ቢሰማህ አንዷንም ቃል አያምንም። ከዚህ እስከዚያ ድረስ በየቆምንበት ያየኸውን ትነግረኛለህ። እኔ አርምሃለሁ።»

በማግስቱ ኦርማራ ደረሱ፤ ከዓሣ አጥማጆቹ ሰፈር ርቀው ተከሉ። ሊነጋጋ ሲል ማህላብ ቀሰቀሰችው። ከድንኳናቸው ሠላሳ እርምጃ ባልበለጠ ቦታ አሸዋው ይንቀሳቀሳል። የባሕር ኤሊ ጫጩቶች ከተቀበሩበት እየፈነቀሉ ይወጣሉ፤ እያንዳንዳቸው የሻይ ብርጭቆ አፍ አያክሉም። በሆዳቸው እየተሳቡ፣ እየተገለበጡ፣ እንደገና እየተነሡ ወደ ውኃው ይጣደፋሉ። ሁለቱ ሰዎች በእንብርክክ ሆነው አብረዋቸው ሄዱ። አንዱ ጫጩት የዋሽዲልን እግር እንደ ተራራ ሊወጣው ሲታገል ዋሽዲል እግሩን ሳያነቃንቅ ጠበቀው። የመጨረሻው ውኃ ሲገባ ዋሽዲል እሳት አነደደ።

ሻይ ሲፈላ ማህላብ «ሃል» አለች።

«ሲነጋ ሁለት መቶ…»

«እህ!»

«ብዙ የኤሊ ጫጩቶች አየን።»

«አርባ ሰባት። ቆጥሬያለሁ።»

«አርባ ሰባት። ሁሉም ባሕሩ ገቡ። ሌላው ደኅና።»

ማህላብ የሻይ ማንቆርቆሪያውን አስቀመጠች። «አንዱን ሸርጣን ጎትቶ ጉድጓዱ አስገባው። አይተኸዋል። አጠገብህ ነው።»

«አይቻለሁ።»

«ታዲያ ለምን ተውከው?»

«ምን ያደርጋል እሱን ማንሣት? አርባ ስድስቱ…»

«ሁልጊዜ የሞተውን ነው የምትተወው» አለች።

ክፋት አልነበራትም ስትናገር፤ ሻዩን ቀድታ ሰጠችው። ዋሽዲል ግን ብርጭቆውን እንደያዘ ቀረ። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ጥፋቴ መዘግየቴ ነው፣ የጭነት መኪናው ሾፌር ቀደመኝ ሲል ኖሯል። ቀና ብሎ ሚስቱን አየ። ድንኳኑን እየጠቀለለች ታንጎራጉራለች። አሸዋ ፀጉሯ ላይ አለ። እሱም ተነሥቶ ሳይናገር አራገፈላት።

ከፓስኒ ከተማ አለፍ ብሎ ረግረግ ላይ መኪናውን ሲያቆም የሃል ልምምዱ አጭር ሆነ። «ወፎች አየሁ። እግራቸው ረጅም ነው፣ ክንፋቸው ሲዘረጋ ቀይ ነው። በአንድ እግር ይቆማሉ። ብዙ ናቸው፤ አልቆጠርኳቸውም። አንድ ሞቶ ውኃው ላይ የተንሳፈፈ አለ።»

ማህላብ ፊቱን ትክ ብላ አየችው። «ይኸው፣ ሰው ሆንክ» አለች።

ጂዋኒ የደረሱት በአራተኛው ቀን፣ ከቀትር በኋላ ነው። ሳብዛል ደጁ ላይ ተቀምጦ መረብ ይጠግን ነበር። ፂሙ ነጥቷል፤ ሲነሣ ግራ ጉልበቱን ይዞ ነው። እህቱን ግንባሯን ሳማት፣ አቀፋት፣ እንደገና ሳማት። ለዋሽዲል እጁን ዘረጋ። «ደኅና ገባህ» አለ፤ በቃ።

እዚያው ደጁ ላይ ምንጣፍ ተነጠፈ። የሳብዛል ሚስት ጋንጂ ውኃ አመጣች፣ ተምር አቀረበች፣ ሻይ ቀዳችና ወደ ማብሰያዋ ተመለሰች። ዋሽዲል ተምሩን አኝኮ ፍሬውን መዳፉ ላይ ያዘ። ሳብዛል ዓይኑን በእሱ ላይ አሳልፎ ወደ እህቱ ዞረ።

«ማህላብ፣ ሃል።»

ባል ተቀምጦ ሚስትን ሃል መጠየቅ ከጥፊ አይተናነስም። የዋሽዲል ጆሮ ጋለ። ማህላብ ግን ነጠላዋን ወደ ትከሻዋ መልሳ፣ እንደ ሽማግሌ ተደላድላ ጀመረች። ዝናብ እንዳልነበረ ተናገረች። ወታደሩ ሩዙን እንዴት እንደበረበረ ተናገረች። «ባሌ ስለ አዞው ዕድሜ ዋሸ፤ አስቆምኩት። ስለ ዝናቡ ዋሸ፤ አስቆምኩት። አርባ ሰባት የኤሊ ጫጩት አየን፤ አንዱን ሸርጣን በላው። ባሌ መጀመሪያ አልተናገረውም፣ በኋላ ተናገረው። ከፓስኒ ወዲህ ግን አልዋሸም።» የሳብዛል ፂም ለመሳቅ እየቃጣ ይንቀጠቀጣል። ማህላብ ቀጠለች፦ «እኔ ያየሁት ይኸ ነው። እኔ ልናገረው የማይገባኝ ሌላ ሃል ደግሞ እዚህ ከጎኔ ተቀምጧል። አሥራ አንድ ዓመቱ ነው።»

አለችና አፏን ዘጋች። «ሌላው ደኅና» አላለችም።

ሳብዛል ጠበቀ። ማህላብ ሰማዩን ታያለች። ሃሉ እስኪዘጋ ሌላ ወሬ አይነሣም፣ ምግብም አይቀርብም። ሻዩ ላይ ወተቱ ቆዳ ሠራ። አንዲት ዝንብ ተምሩን ዞረች።

«ተዘጋ?» ብላ ጮኸች ጋንጂ ከውስጥ።

«አልተዘጋም» አለ ሳብዛል።

«ሩዙ እያረረ ነው እኮ!»

«ታዲያ ምን ላድርግ? ለእህቴ ንገሪያት!»

«ለራስህ ነው የምነግርህ፣ ደረቅ! አንዲት ቃል ናት፤ ምላስህን ትሰብረዋለች?»

ሳብዛል ጉልበቱን በሁለት እጁ አሸ። ወደ ባሕሩ አየ፣ ወደ መረቡ አየ። ከዚያ ማንንም ሳያይ «ዋሽዲል» አለ። ቆየና «ሃል» አለ።

ዋሽዲል በመንገድ ያጠናው ሁሉ ከራሱ ውስጥ ጠፋ። «ላል ባክሽ ማክሰኞ ሲነጋ ሞቱ» አለ። «እኔ አጠብኳቸው። ክብደት አልነበራቸውም። ከመሞታቸው በፊት ለአንተ የምነግረው ቃል ሰጡኝ። ‹ለሳብዛል ንገረው፤ ከበሮውን እንዳያስቆም። እኔን የሚቀብረኝ አይጠፋም፤ ጀልባ ግን የሚመረቀው አንድ ቀን ነው። ካስቆመ ተነሥቼ ራሴ ነኝ የምመታው› አሉ። ይህን ይዤ መጣሁ። ስደርስ ከበሮው ይመታል፤ ፊትህ ደስ ይል ነበር። ቃሉን ብናገር ሞቱንም ልናገር ነው። ፈራሁ። ‹ሌላው ደኅና› አልኩ። ደኅና አልነበረም። ዋሽቻለሁ።»

ማህላብ እጇን አፏ ላይ አድርጋለች።

«ከበሮውን እንዳያስቆም አሉ?» አለ ሳብዛል።

«አሉ።»

«ራሳቸው?»

«ራሳቸው። ሊስቁም ሞክረው ነበር፤ ሳል ያዛቸው።»

ሳብዛል ዓይኑን በመዳፉ ጠረገ፤ ድንገት ደግሞ ድምፁ ጎላ። «ሁለት ወንድ ልጆች ያለ ከበሮ ዳርኩ! ሰማህ? ሰው የቀብር ሰርግ ብሎ አማኝ። ከበሮ ስሰማ አሸዋ ውስጥ ልግባ እላለሁ። አሥራ አንድ ዓመት! አፍ የለህም አንተ?»

«አልጠየቅኸኝማ!»

«ለቱሪስት ሳትጠየቅ አይደለም እንዴ ቀኑን ሙሉ የምትለፈልፈው?»

«ለቱሪስት ውሸት ነዋ!»

ከውስጥ የጋንጂ ሳቅ ፈነዳ። ማህላብ ተከተለቻት። ሳብዛል ሊቆጣ ፈልጎ አፉን ከፈተ፤ የወጣው ግን ሳቅም ልቅሶም ያልሆነ ነገር ነው። እጁን ዘርግቶ የዋሽዲልን አንገት ያዘና ግንባሩን ከግንባሩ ጋር አጋጨው፤ ያማል።

«ዝጋው እንግዲህ» አለ።

ዋሽዲል ትንሽ አሰበ። የቀረ ነገር እንዳይኖር በልቡ ከደጃፉ ጀምሮ ሄደ። «የመኪናዬ የኋላ ጎማ በቀስታ ይተነፍሳል፤ ዛሬ ሦስት ጊዜ ነፍቼዋለሁ» አለ። «ሌላው ደኅና።»

ሩዙ ከታች አርሮ፣ ዓሣው በላዩ ላይ ሆኖ መጣ። ነገር ግን ሃል የተቀበለ ሰው በተራው ሃል መስጠት አለበት። ሳብዛል እጁን ታጥቦ፣ ወደ ትሪው ሳይዘረጋ ጀመረ፦ «እንግዲህ ያን ቀን አንተ ከሄድክ በኋላ…» አለ፤ ስለ ጀልባው፣ ስለ ሰርጎቹ፣ ጉልበቱን ስለ ሰበረው ማዕበል፣ አንዷን ሳያስቀር። ዋሽዲል ተደግፎ ያዳምጣል። ማህላብ ከትሪው ዳር የዓሣውን ጉንጭ ቆርሳ፣ ማንም ሳያያት ለባሏ አጎረሰችው። ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ የአስር ሰላት አዛን ሲሰማ ሳብዛል ገና ሦስተኛው ዓመት ላይ ነበር።